አርባ ስምንት ሉክ

የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚል ቀን የሰፈረበት አንድ የክፍል ምልከታ ቅጽ እኔ ዘንድ አለ። የመምህሩ ስም፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ ክፍሉና ክፍለ ጊዜው ተሞልቷል፤ «መምህር ይሄነው፣ ሙዚቃ፣ 7ኛ ለ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ» ይላል። ከዚያ በታች ያሉት ሃያ ሁለት ሣጥኖች ባዶ ናቸው። አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ላይ አንድ ሰው እስክሪብቶው ይጽፍ እንደሆነ ሞክሮ ትቶታል። ያልተካሄደ ምልከታ ቅጽ ይወገዳል እንጂ ማህደር ውስጥ አይቀመጥም። እኔ ግን አላስወገድኩትም።

መምህር ይሄነው ወንድሜ ነው። እኔ እህቱ የምሠራው በዚያው ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው። መስካሪ ከምስክርነቱ በፊት ዝምድናውን ማስታወቅ አለበትና አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

የተወለደው በተንታ ወረዳ፣ ከአጅባር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነች መንደር፣ በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ነው። የግል ማህደሩ 1969 ይላል፤ ስህተት ነው። ትምህርት ቤት ሲያስገባው ልጁ እንዳያረጅበት ብሎ ሁለት ዓመት የቀነሰው አባታችን ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማረ። ድምፁ ሲጎረንን ትቶ ወደ አስኳላ ገባ፤ ደሴ ኮሌጅ ገብቶ በመምህርነት ሠለጠነ። ማሻ ዘጠኝ ዓመት፣ መካነ ሰላም አሥራ አራት ዓመት አስተማረ። አላገባም። አንድ ግቢ ውስጥ እሱ በአንደኛው ክፍል፣ እኔ በሌላው እንኖር ነበር።

ለሙዚቃ ትምህርት ያለን ንብረት አንድ ከበሮና አራት ክር የቀረው ክራር ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከሰው ይሰበስብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ደብተር ይዞ ወደ ገጠር ይወጣል። ሰዎች ሲያርሱ፣ ሲወቁ፣ ሲፈጩ የሚያዜሙትን ይጽፋል። ቀኑን፣ መንደሩን፣ የዘፋኙን ስምና ሥራውን ከላይ ያሰፍራል፤ ከሥር ቃሉን፣ ከቃሉ በላይ ደግሞ ነጥብና ጭረት ያደርጋል። ነጥብ አጭር ነው፣ ጭረት ረጅም ነው፣ ትንሽ ክብ ዝምታ ነው።

«በስልክህ ለምን አትቀዳም?» ስለው፣

«ስልክ ሲያዩ ድምፃቸውን ያሳምራሉ፤ ደብተር ሲያዩ ግን ምን ልጽፍ እንደሆነ ለማየት ሲሉ እውነቱን ይዘፍናሉ» ይለኝ ነበር።

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በሁለት ቀን ልዩነት ገቡ። በጾም ቤተ ክርስቲያን ከበሮዋን ታሳርፋለች። የትምህርት ቤት ከበሮ ይመታ ወይስ ይረፍ የሚል መመሪያ የለም፤ ቢመታ ግን በማግስቱ ቢሮ የሚመጣ ወላጅ አይጠፋም፣ ከሁለቱም ወገን። ወንድሜ ይህን አይቶ ለጾሙ ወራት ከበሮ የሌለበት፣ ዘፈንም የሌለበት ትምህርት አቀደ።

የምክትል ርዕሰ መምህሩ ስም አቶ አድማሴ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ ወንድሜ ማሻ ሳለ አስተምሮታል። ምልከታው ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ የካቲት 18 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለቅድመ ምልከታ ውይይት ጠራው። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ እኔም ተጠራሁ። ዘመድ የዘመዱን ቃለ ጉባኤ አይዝም ብዬ ነበር። አቶ አድማሴ «ሌላ ማን አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ለወንድሜ የተዘጋጀው ወንበር ላይ የፈተና ወረቀት ተከምሮበታል። «ይቀመጡ መምህር» አለ አቶ አድማሴ፣ ክምሩን ሳያነሳ። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ዕቅድዎን አየሁት። የትምህርት መርጃ በሚለው ላይ እጅ፣ ጠረጴዛ ይላል።»

«አዎ።»

«እጅ መርጃ መሣሪያ ነው?»

«ያንተ ሲቀር። አንተ ሰባተኛ ክፍል ሳለህ ጭብጨባውን እንኳ ከሰው ቀድመህ ነበር የምትጨርሰው።»

አቶ አድማሴ አልሳቀም። «ንብረት ክፍል ከበሮ አለ አይደል?»

«ጾም ነው።»

«ቅጹ ጾም አያውቅም።»

«ልጆቹ ያውቃሉ። ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ እስከ መግሪብ አፋቸው ደርቆ ነው የሚቀመጡት። ከበሮ ብመታ አባቶቻቸው የሚመጡት ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ አንተ ነው።»

«ታዲያ ምን ሊያስተምሩ ነው?»

«የወፍጮ ምት። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ይገፋሉ፣ ይመልሳሉ፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ዝምታ።»

«ለዝምታው ነጥብ የምሰጠው በምን አይቼ ነው?»

«ዝም ሲሉ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ እኔ አየ፤ ይህንንም እጽፈው እንደሆነ የሚያይ መሰለኝ። ጽፌው ነበር። ከዚያ በጣቱ ቅጹን ወደ ታች ተከትሎ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ሣጥን ዘጠኝ። ከአካባቢ የተወሰደ ትምህርት ምንጩ ይያያዛል። ደብተሩን ያያይዙ።»

«የትኛውን ደብተር?»

«ነጥብና ጭረት ያለበትን። የሰውና የመንደር ስም ያለበትን።»

ወንድሜ «ማን ነገረህ?» አለው።

«ተመዝግቧል።»

የት እንደተመዘገበ አልተናገረም። እኔም ያችን አንዲት ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ሳልጽፋት አለፍኩ።

«መምህር፣ ዘመኑን ያውቁታል» አለ አቶ አድማሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሰው ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ ከላይ ደግሞ ሰው የማያነበው ምልክት። ኬላ ላይ ቢገኝብዎት ምን ብለው ያስረዳሉ?»

«ዘፈን ነው እላለሁ።»

«በጾም?»

ወንድሜ ዕቅዱን ወደ ራሱ ሳበ። አቶ አድማሴ ግን አላበቃም።

«ደብተሩ ካልተያያዘ ምልከታው እንዳልተሟላ ይቆጠራል። ያልተሟላ ከሆነ ደግሞ የሙዚቃው ሁለት ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጣል። እኔ አይደለሁም፣ የማኔጅመንቱ ውሳኔ ነው።»

«ስሞቹን ሸፍኜ ባመጣውስ?»

«ምን የሚሸፈን አለው?»

ይህን ሲል ፊቱን አይቼዋለሁ። ቁጣም ፌዝም አልነበረበትም። ጥያቄው የአለቃ ጥያቄ ይሁን ወይስ የሌላ ሰው ጥያቄ፣ ያን ጊዜም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም።

«ዓርብ ጠዋት፣ ከክፍለ ጊዜው በፊት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ» ብሎ ውይይቱን ዘጋ።

ቃለ ጉባኤው «ሁለቱም ወገኖች በቅድመ ምልከታ ነጥቦች ላይ ተወያይተው ተስማምተዋል» ይላል። ወንድሜ ከመፈረሙ በፊት አንብቦት፣ «ተስማምተናል?» አለኝ።

«ቅጹ ላይ የታተመ ነው» አልኩት።

ፈረመ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። በዘጠኝ ዓመት የመዝገብ ሥራዬ እያወቅሁ የሐሰት ሰነድ ላይ የፈረምኩት ያን ቀን ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ ለምን እንዲህ እንደጨነቀው ነገረኝ። ሉክ ሠላሳ አንድ ላይ ያለው የእማማ በዛች የወፍጮ እንጉርጉሮ ነው። እማማ በዛች በከተማዋ ዳርቻ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ፈርሂያ በ2011 ዓ.ም. በደላላ እጅ ወደ ዓረብ አገር ሄደች፤ ድምፅዋ ከተሰማ አራት ዓመት አልፎታል። እማማ በዛች እህል ወፍጮ ቤት መላክ ትተው በእጃቸው ይፈጫሉ፤ ሲፈጩ እንዲህ ይላሉ፦

ልጄን እንደ ጠቦት ወሰዳት በገመድ፣
ቆሜ ቀረሁ እኔ ከደጃፌ መንገድ።

ከዚህ ቀጥሎ የደላላው ስም ከነአባቱ ይመጣል፤ እርግማኑም ይከተላል። ወንድሜ ሊጽፈው ሲጠይቃቸው «ለማንም አላሳይም፣ ወላሂ በል» አሉት። እሱም «ወላሂ» አለ። ደላላው የአቶ አድማሴ ሚስት ወንድም ነው፤ ይህን የማያውቅ የከተማችን ሰው የለም። ስሙን እዚህም አልጽፈውም። እማማ በዛች የፈቀዱልኝ «ስሙን ተዪው እንጂ ሌላውን ጻፊው» ብለው ነው።

«ለሣጥን ዘጠኝ አይደለም» አለ ወንድሜ መንገድ ላይ። «ለአማቹ ነው። ሰምተውታል። ግን ማን ነገራቸው? አበቡ ናት።»

አበቡ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት።

«አበቡ ምን አገባት?» አልኩት።

«ደብተሩን የማስቀምጥበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ከሷ ዘንድ ነው። ሰሞኑን ሰላምታዋም አጥሯል።»

«ስለጾመች ነው።»

«ጾም ሰላምታ ያሳጥራል? ወይ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። ባለፈው ሁለት ገጽ ሳስገለብጠው አንገቱን አስግጎ ነበር።»

ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ሚኒባስ መናኸሪያው ድረስ በአበቡ ላይ፣ ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ ድረስ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ላይ ክስ ሲያቀርብ ዝም ብዬ ሰማሁት። መስጊዱ ጋ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

መስከረም ላይ ዓመታዊ ቆጠራ ስናደርግ ደብተሩን በሙዚቃ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። በትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ ይቆጠራል። የትምህርት መርጃ መዝገብ ተራ ቁጥር 112 ላይ በራሴ እጅ እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፦ «የዜማ ማስታወሻ ደብተር፣ የዘፋኝ ስምና መንደር የያዘ፣ በነጥብና በጭረት የተጻፈ፣ ባለ 50 ሉክ፣ ቀሪ 48 ሉክ፣ ብዛት 1።» ቅጂው በየዓመቱ ለምክትሉ ይደርሰዋል። የወንድሜ የግል ደብተር የትምህርት ቤቱ ንብረት የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ሊሰረቅ የሚችል ነገር በመዝገብ ከገባ ይጠበቃል ብዬ ነበር።

ወንድሜ ቆመ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ሉኩንም ቆጥረሻል?»

«ቆጥሬያለሁ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እታለም፣ አንቺ ገነት ብትገቢ መጀመሪያ የመላእክቱን ክንፍ ነው የምትቆጥሪው። ጎደሎ ያገኘሽ እንደሆነም ገብርኤልን ታስፈርሚዋለሽ።»

 አበቡን በጥርጣሬ ስላማት በማግስቱ ጠዋት ሄዶ ከሌላው ቀን ረዘም ያለ ሰላምታ ሰጥቷታል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ምን እንደነካው ግራ ገብቷት ነበር።

ሐሙስ ምሽት እራት ላይ «ደብተሩን ነገ እሰጠዋለሁ» አለኝ።

«እማማ በዛችስ?»

«እሱን ተዪው። አንቺ ከጠየቁሽ መዝገቡ ያለውን ብቻ ተናገሪ።»

ዓርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ግቢው ውስጥ ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ሐኪም ቤት ስንደርስ አልፎ ነበር። ደም ግፊት እንደነበረበት እናውቃለን፤ መድኃኒቱን በትክክል ይወስድ እንደነበር ከብልቃጡ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ። ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዕቅዱ ጋር ቦርሳው ውስጥ ነበር።

ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን አቶ አድማሴ ለቅሶ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጎን ብዙ ተቀመጠ። ሲነሳ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ። ቀጥሎም በዚያው ድምፅ፣ «ያ ደብተር ንብረት ነው። ስትመለሽ ታስረክቢያለሽ» አለኝ።

የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ደብተር የሚጠይቅ ሰው ስለ ሣጥን ዘጠኝ ተጨንቆ ነው ብዬ አላምንም። ማስረጃ ግን የለኝም። አማቹ ልኮት ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ሌላ እጅ እንዳይገባ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። «ኬላ ላይ ቢገኝብዎት» ያለው ማስፈራሪያ ይሁን ምክር፣ ከቃለ ጉባኤው ቃል ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ጻፍኩት እንጂ ድምፁን አልመዘገብኩም። ለድምፅ ነጥብና ጭረት የነበረው ወንድሜ ነው።

መጋቢት 1 ቀን ሥራ ገብቼ ደብተሩን በርክክብ ቅጽ አቀረብኩ። በዋዜማው ከፍቼ አይቼው ስለነበር ምን እንደጎደለው አውቃለሁ። ወንድሜ ሉኮቹን ከአንድ እስከ አርባ ስምንት በራሱ እጅ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ከሠላሳ ቀጥሎ ያለው ሠላሳ ሁለት ነው። ሠላሳ አንደኛው በማስመሪያ ተይዞ በጥንቃቄ ተቀዷል፤ ከክሩ ጋር የቀረው ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው።

አቶ አድማሴ ጣቱን በምላሱ እያራሰ ከመጀመሪያው ጀምሮ አገላበጠ። ይቁጠር ይፈልግ አላውቅም። ሠላሳ ላይ ደረሰ። ገለጠ። ቆመ። ወደ ኋላ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። በጣቱ ጫፍ የቀረውን ጠርዝ ዳሰሰው።

«አርባ ስምንት ነው ያልሽው?»

«መዝገቡ እንደዚያ ይላል።»

ትንፋሹን ሰማሁት። ሌሎቹን አሥራ ሰባት ሉኮች ሳያይ ደብተሩን ዘጋና ርክክቡ ላይ «48 ሉክ ተረክቤያለሁ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ለምን እንደፈረመ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ተራ ቁጥር 112 ላይ ያለው ቁጥር አሁንም አርባ ስምንት ነው። አላረምኩትም። የ7ኛ ክፍል ሁለቱ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜዎች ከቀጣዩ ሰኞ ጀምሮ ለሒሳብ ተሰጡ።

ሉክ ሠላሳ አንድ የት እንደደረሰ ያወቅሁት ግን ከዚያ በፊት ነው። በለቅሶው በአምስተኛው ቀን እማማ በዛች በምርኩዛቸው መጡ። «አላህ ያጽናሽ የኔ ልጅ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሰው ሲቀንስ ጠብቀው ሐሙስ ዕለት የሆነውን ነገሩኝ። የነገሩኝን ካየሁትና ከጠየቅኩት ጋር አስተያይቼዋለሁ። ይገጥማል።

ሐሙስ የካቲት 19 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሙሐሲን ሱቅ ገብቶ ግማሽ ኪሎ ቴምር ገዛ። ሙሐሲን «ሰለምክ እንዴ መምህር?» ብሎት፣ «የምጾመው አንሶኝ ነው?» ብሎ አስቆታል። ከዚያ ዳገቱን ወጥቶ እማማ በዛች ቤት ደረሰ። የዐስር ሶላት ሰግደው ምንጣፋቸውን እያጠፉ ነበር።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አሉት።

«ለማፍጠሪያ ቴምር ነው፣ እማማ።»

«ቴምሩማ ይታየኛል። ፊትህ ላይ ያለውን ነው የጠየቅሁህ።»

ከኮቱ ኪስ በአራት የታጠፈ ሉክ አውጥቶ ሰጣቸው። «ወረቀትዎ ነው። ቢሮ ሊገባ ሆነና መለስኩት» አላቸው።

እማማ በዛች ማንበብ አይችሉም። ገልብጠው ገላልጠው አዩትና መለሱለት። «የኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አንብብልኝ።»

«ጾም ነው፣ እማማ። ያንቱም የኔም።»

«ማን ዝፈን አለህ? አንብብ ነው ያልኩህ።»

መደቡ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ያለ ዜማ አነበበላቸው፤ በሌላው እጁ መዳፍ ግን ጭኑን ወደ ፊት ይገፋ፣ ይመልስ ነበር፤ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር። ስሙ ላይ ሲደርስ መዳፉን አቆመና ዝም አለ። ከዚያ ቀጠለ።

«ስሙን ዘለልከው» አሉት።

«ወላሂ ብያለሁ አይደል? ለግድግዳም አልናገረውም።»

ሉኩን ተቀብለው ከወፍጮው ድንጋይ ሥር አስገቡት። ሦስት ጊዜ ያህል አብሯቸው እንዲያፈጥር ለመኑት። ነገ የሚያዩኝ ሰዎች አሉ፣ ገና ሸሚዝ አልተኮስኩም ብሎ እምቢ አለ። ቴምሩን ሰሃን ላይ ገልብጦላቸው ፌስታሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ እኔም ከኮቱ ኪስ አግኝቼዋለሁ። ሲወጣ ፍየሎቹ እንዳይገቡባቸው የአጥሩን በር ስቦ በገመዱ አሰረው።